ታላቁ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም በአውሮፓ በፈረቃ የሚደረገው ስለ ምንድን ነው?



በቤልጅግ አገር በአርዴን ደን መካከል ስፓ ፍራንኮርሻምፕ የሚባል፣ ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የአውቶሞቢል መሽቀዳደሚያ ጎዳና ይገኛል። ፎርሙላ ዋን የሚባለው የነጂዎች የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ሲመሠረት እሽቅድምድም ከተደረገባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይኸው ስፓ ነበር። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።) በጥር ወር 2025 የስፓ ኀላፊዎች ከሻምፒዮናው ባለቤቶች ጋራ እስከ 2031 የሚደርስ አዲስ ውል መዋዋላቸው ተነገረ። ውል ታደሰ ሲባል ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ወረቀት ማገላበጥ ሥራው የሆነ ሰው እንደሚያደርገው ዓመቶቹን አንድ በአንድ የቈጠረ አንባቢ፣ ውሉ 2026ን፣ 2027ን፣ 2029ንና 2031ን ሲጠቅስ 2028ንና 2030ን መዝለሉን ይመለከታል። በነዚያ በተዘለሉት ሁለት ዓመታት ሥፍራው ለሌላ ይለቀቃል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ታላቅ እሽቅድምድም በፈረቃ የሚዞርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ፣ ፈረቃውም ተረኛውን ያድነው ወይም ያጠፋው እንደ ሆነ በዛሬው ንግግራችን ለመመልከት አስበናል።

በመጀመሪያ የገንዘቡን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የጽዋ ማኅበር ተራ የደረሰው ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ማኅበርተኛውን ያስተናግዳል እንጂ እንግዶቹ ስለ መጡለት ገንዘብ አይከፍላቸውም። በፎርሙላ ዋን ግን ተረኛው ሁለቱንም ያደርጋል። ጎዳናውን ይጠግናል፤ የተመልካቹን መቀመጫና የሐኪሞቹን ሥፍራ ያዘጋጃል፤ ባንዲራ እያውለበለቡ ነጂዎቹን የሚያስጠነቅቁትን ሠራተኞች በየማዕዘኑ ያቆማል። ከዚህም በላይ እሽቅድምድሙ ወደ እርሱ ስለ መጣለት ለሻምፒዮናው ባለቤቶች በሚሊዮን የሚቈጠር የአዘጋጅነት ዋጋ ይከፍላል። ከቴሌቪዢን የሚገኘው ገቢ የሻምፒዮናው ባለቤቶች ነው፤ በጎዳናው ዳር የሚለጠፈው ማስታወቂያም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚሁ ነው። ለአዘጋጁ በይበልጥ የሚቀርለት የመግቢያ ቲኬት ሽያጭ ነው። የአገሩ ልጅ የማያሸንፍበት ዘመን የመጣ እንደ ሆነ ቲኬቱ ሳይሸጥ ይቀራል፤ በውል የተጻፈው ዋጋ ግን ይጠበቅበታል። ጐደሎውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ የከተማው ወይም የግዛቱ ካዝና ነው። እንግዲህ ይህን ሸክም በየዓመቱ ከመሸከም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መሸከም ይሻላል የሚለው አሳብ የመነጨው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ፈረቃ ሁልጊዜ ከገንዘብ ማጣት ብቻ የተወለደ አይደለም። ግራን ፕሪ፣ ትርጓሜውም ታላቅ ሽልማት የሚባለውን የእንግሊዝን እሽቅድምድም ከ1964 እስከ 1986 ድረስ ሲልቨርስቶንና ብራንድስ ሃች የተባሉት ጎዳናዎች ዓመት በዓመት እየተለዋወጡ አስተናግደውታል። በእስፓኝም ከ1968 ጀምሮ በማድሪድ አጠገብ ያለው ሐራማና በባርሴሎና ከተማ ያለው ሞንትዡይክ ይፈራረቁ ነበር፤ በ1975 በሞንትዡይክ አንድ አውቶሞቢል ከመንገድ ወጥቶ ተመልካቾችን ስለ ገደለ ፈረቃው በዚያው ቀረ።

ለመሥሪያ ቤት ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የቤልጅግ ነገር ነው። 14 ኪሎ ሜትር የነበረው የጥንቱ የስፓ መንገድ ለነጂዎች ሕይወት እጅግ የሚያሰጋ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከ1970 በኋላ ግራን ፕሪው ከዚያ ተነሣ። በአገሩ ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችና ፍላማንኛ ተናጋሪዎች ስላሉ፣ ማንም ቅር እንዳይሰኝ በ1972 በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ክፍል በኒቬል፣ በ1973 በፍላማንኛ ተናጋሪዎቹ ክፍል በዞልደር፣ በ1974 እንደገና በኒቬል ተደረገ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ድልድል አይገኝም። ነገር ግን በ1976 የኒቬል ተራ ሲደርስ የጎዳናው ባለቤቶች ገንዘብ አጥሯቸው ስለ ነበር እሽቅድምድሙ በዞልደር ተደረገ። ኒቬል ከዚያ ወዲያ ተራ አልደረሰውም፤ ዛሬ ሥፍራው የኢንዱስትሪ ሠፈር ሆኖአል። ስፓ ግን አጥሮና ተሻሽሎ በ1983 ወደ ሻምፒዮናው ተመለሰ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ስም ጥቂት ቃል እንበል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። የእሽቅድምድሙ ስምና የሚደረግበት አገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በ1955 በፈረንሳይ አገር በሌማን ከተማ ከ80 በላይ ሰዎች በአንድ አደጋ ስለ ሞቱ የስዊስ መንግሥት በአገሩ ውስጥ በክብ ጎዳና የሚደረገውን እሽቅድምድም ከለከለ። ከዚህም የተነሣ በ1982 የስዊስ ግራን ፕሪ የተደረገው በፈረንሳይ በዲዦን ነው። በ1997ና በ1998 የሉክሰምቡርግ ግራን ፕሪ የተደረገው በጀርመን ምድር ነበር። የአውሮፓ ግራን ፕሪ የተባለውም ስም አስቀድሞ በየዓመቱ ለአንዱ አገር እሽቅድምድም የሚሰጥ የክብር ማዕርግ ነበረ፤ ከ1983 ወዲህ ግን ራሱን የቻለ እሽቅድምድም ሆኖ ከእንግሊዝ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ እስፓኝ ሲዘዋወር ኖሮ በ2016 በአዘርባጃን ዋና ከተማ በባኩ ተደረገ። አንድ አገር በዓመት ሁለት እሽቅድምድም ሲያገኝ ለሁለተኛው ሌላ ስም መፈለጉ የተለመደ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ፈረቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከጀርመን ይልቅ የሚያስረዳ የለም። በአይፈል ተራሮች ያለው ኑርበርግሪንግ ከ1925 እስከ 1927 ለሥራ ፈቶች ሥራ ለመስጠት ጭምር የተሠራ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የቀድሞው መንገድ በ1976 ኒኪ ላውዳ በእሳት ሊሞት ከደረሰበት አደጋ በኋላ ተተወና የጀርመን ግራን ፕሪ በራይን ሸለቆ ወዳለው ወደ ሆክንሃይም ሄደ። ኑርበርግሪንግም በ1984 አዲስና አጭር ጎዳና ከፈተ። ሚካኤል ሹማኸር በ1994 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የጀርመን ሕዝብ ፍቅር እጅግ ጋለ፤ ከ1995 ጀምሮም ለብዙ ዘመን ሁለቱ ጎዳናዎች በያንዳንዱ ዓመት አንዳንድ እሽቅድምድም ነበራቸው። ነገር ግን ሹማኸር በ2006 ጡረታ ሲወጣ ለሁለት የሚበቃ ገበያ አልተገኘም። ስለዚህ ሁለቱ ተስማምተው ፈረቃ ገቡ፤ በ2007 ኑርበርግሪንግ፣ በ2008 ሆክንሃይም እያሉ ቀጠሉ።

ፈረቃው ወጪን ሊቀንስ የታሰበ ነበር። ነገር ግን የኑርበርግሪንግ ባለቤት የነበረው የራይንላንድ ፋልስ ግዛት መንግሥት፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን እንግዳ ብቻ ከመጠበቅ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚስብ ነገር እንሥራ በማለት ከ300 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የፈጀ የመዝናኛ ሥፍራ በ2009 ከፈተ። በሐዲድ ላይ እጅግ ፈጥኖ የሚበር የመጫወቻ ሠረገላም ነበረው፤ ይህ ሠረገላ ሰው ያሳፈረው በ2013 ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የግዛቱ የገንዘብ ሚኒስትር በ2009 ከሥልጣኑ ወረደ፤ በኋላም በዚሁ ጉዳይ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። ድርጅቱ በ2012 ከሠረ። በ2014 በሆክንሃይም ጀርመናዊው ኒኮ ሮስበርግ በጀርመን አውቶሞቢል ሲያሸንፍ ብዙው መቀመጫ ባዶ ነበር። በ2015 ተራው የኑርበርግሪንግ ነበረ፤ እርሱ አልቻለም፤ ሆክንሃይምም ተራው ስላልሆነ አልተዘጋጀም ነበርና በዚያ ዓመት የጀርመን ግራን ፕሪ ሳይደረግ ቀረ። ሆክንሃይም በ2016፣ በ2018ና በ2019 ካስተናገደ በኋላ የጀርመን ግራን ፕሪ የሚባለው ስም ከመርሐ ግብሩ ወጣ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት መርሐ ግብሩ ሲናወጥ ኑርበርግሪንግ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠራ፤ ያም የአይፈል ግራን ፕሪ ተባለ።

በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ከፈረቃው ብቻ የመጣ አይደለም። ፈረቃ የገቡት ሁለቱ ጎዳናዎች አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካበትን አስቀድመው በውል አለመወሰናቸው ነው የጐዳቸው። ከዚህም ጋራ፣ የተዘለለ ዓመት የሆቴሉን ባለቤት፣ ልማድ ያለውን ሠራተኛና ቲኬት መግዛት የለመደውን ቤተ ሰብ ወደ ሌላ ነገር ያዘነብላል፤ እነዚህን በዓመቱ እንደገና መሰብሰብ ቀላል አይደለም።

ከኑርበርግሪንግ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ስፓ ስንመለስ፣ እርሱን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። በ1950 ከ7ቱ የሻምፒዮናው እሽቅድምድሞች 6ቱ በአውሮፓ ተደርገው ነበር። በ2025 ቍጥራቸው 24 ሲሆን፣ ባኩን ሳንቈጥር በአውሮፓ የተደረጉት 9 ናቸው። ከ2004 ጀምሮ ባሕሬን፣ ከዚያም አቡ ዳቢ፣ ቀጥለውም ቃጣርና ሳዑዲ ዓረቢያ ገብተዋል፤ እነዚህ በመንግሥት ሀብት የሚደገፉ ሲሆኑ ስፓ የሚለምነው የዋሎን ክፍለ አገርን ካዝና ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ብቻ ስለሆነ አዲስ መጪ ሲበዛ ነባሩ ወይ ይወጣል፣ ወይ ተራ ይገባል። ስፓ ተራ መግባትን መረጠ። ከጀርመኖቹ የሚለየውም የሚያስተናግድባቸው ዓመቶች እስከ 2031 ድረስ በአንድ ውል ተቈርጠው መጻፋቸው ነው። እንግዲህ የ2028 መርሐ ግብር በጋዜጣ ሲወጣ የስፓን ስም ፈልጋችሁ ብታጡት በ2029 ተራ ውስጥ ፈልጉት።