ስሜና፦ በርካሽ የምትገኝ የፎቶግራፍ መሣሪያ

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የቤተ መንግሥትና የባለጸጎች ጉዳይ ነበር። ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ካነሡት አንዱ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነው። በውጭው ዓለም ግን በ1900 (እ.ኤ.አ.) ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብራውኒ የምትባል ካሜራ በ1 ዶላር መሸጥ ስለ ጀመረ፥ ፎቶግራፍ ማንሣት ለልጆች እንኳ የሚቻል ሆነ።

ይህንኑ መንገድ ከተከተሉት አንዷ ስሜና 8ኤም ናት። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት፥ በሌኒንግራድ ከተማ፥ በሎሞ ፋብሪካ በብዙ ሚሊዮን ተሠርታለች። ዛሬ መሠራቷ ቢቀርም አሮጌዎቹ ከብዙዎቹ የፊልም ካሜራዎች ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ባትሪም አትሻምና እንደ መንጌ ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚኖር ተማሪ ትስማማለች።

አሠራሯ እንዲህ ነው። የካሜራ ተግባር ልክ የሆነ ብርሃን ወደ ፊልሙ ማስገባት ነው፤ ብርሃኑ ከበዛ ፎቶግራፉ ይነጣል፥ ካነሰ ይጨልማል። በመጀመሪያ በፊልሙ ካርቶን ላይ በተጻፈው ቁጥር መሠረት የሌንሱ ቀዳዳ ይስተካከላል። ቀጥሎ ሰማዩን አይቶ፥ በሌንሱ ዙሪያ ከተሳሉት 5 የአየር ምልክቶች አንዱን መምረጥ ነው። ለጠራ ፀሐይ መዝጊያው ለሰከንድ 1/250ኛ ብቻ፥ ለጨለመ ቀን ግን ለ1/15ኛ ይከፈታል። በዚህን ጊዜ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ዛፍ ወይም ግድግዳ መደገፍ ይገባል። ርቀቱም በዐይን ይገመታል፤ 2 ሜትር 4 ክንድ ያህል ነው።

በመንጌ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትውል የሰው ዐይን በጥላ ይሸፈናል። ስለዚህ ጧት ወይም ወደ ማታ፥ አለዚያም በዛፍ ጥላ ሥር በደመና ምልክት ማንሣት ይሻላል። ዙምባራ እየነፉ የሚጨፍሩትን ለማንሣት ግን ብርሃን ያለበት ስፍራ ይመረጣል፤ መዝጊያው ከዘገየ የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዛልና።

አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶግራፍ ይይዛል። አንዱ እንደ ተነሣ ፊልሙ ካልተጠመዘዘ ሁለት ፎቶግራፍ በአንድነት ይደራረባል። ፊልም ሙቀት ስለማይወድ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ካሜራዋ ርካሽ ብትሆንም ፊልሙና ማጠቢያው ወጪ አለው፤ ስለዚህ ተማሪዎች በክበብ ተባብረው ቢገዙ መልካም ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ 36ቱን በከንቱ አታባክን። በየቤቱ አንድም ፎቶግራፍ የሌላቸው አረጋውያን አሉ። አስቀድመህ ፈቃዳቸውን ጠይቅ፤ ፊልሙ ከታጠበ በኋላም አንዱን ቅጂ ለራሳቸው ስጥ። እነርሱ ሲያልፉ ለልጅ ልጆቻቸው የሚቀረው መልካቸው ይኸው ሊሆን ይችላልና።