ችግኙ ለምን ሰላላ ሆነ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቲማቲም ችግኝ ነው።

ዘሩን ዘራችሁ። በቀለ። ደስ አላችሁ። በሳምንቱ ብታዩት ግን ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ተመዝዟል፤ ቅጠሉ ገርጥቷል፤ ንፋስ ሲነካው ይተኛል። ቁመቱን አይቶ «አደገልኝ» የሚል ሰው አለ። አላደገም፤ ተመዘዘ እንጂ። እንዲህ ያለው ችግኝ ወደ ማሳ ሲዛወር ይሰበራል፤ ቢተርፍም ቶሎ አያገግምም። የዘሩ ዋጋና የአንድ ወር ድካም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? ሙቀት ሲበዛና ብርሃን ሲያንስ ነው። ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው። ሙቀቱ «እደግ፣ እደግ» ይለዋል፤ ምግቡ ግን አልደረሰለትም። ስለዚህ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያስረዝማል። ተጠጋግቶ የተዘራም እርስ በርሱ ይጋረዳልና ያው ነው። በመስመርና በመስመር መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉለት፤ የበዛውን ንቀሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዘሩና ችግኙ የሚፈልጉት ሙቀት አንድ አይደለም። የቲማቲም ዘር ለመብቀል አፈሩ 25 ዲግሪ ያህል ቢሞቅለት ይወዳል። ከበቀለ በኋላ ግን ቀን 20 ዲግሪ ገደማ፣ ሌሊት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። «ቴርሞሜትር ከየት እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። እጅ አለ አይደለም እንዴ? እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ መደቡን ላስቲክ የምታለብሱ ሰዎች፣ ረፋድ ላይ እጃችሁን ከላስቲኩ ሥር አስገቡ። ለእናንተ ከወበቃችሁ ችግኙንም ወብቆታል። ጫፍና ጫፉን ግለጡት፤ አየር ይግባ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን መልሱት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ውርጭ ደግሞ ቲማቲምን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

እንደ መቂና ባቱ ባለ ሞቃት አገር ላስቲክ አያስፈልግም። እዚያ የሚያስቸግረው ጉዝጓዙና ዳሱ ነው። መደቡ ላይ የተጎዘጎዘው ሣር ቡቃያው ብቅ ብቅ ሲል፣ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ይነሳ። ሁለት ቀን ከቆየ ቡቃያው እሣሩ ሥር ይሰላል። ዳሱም ለቀትር ፀሐይ ነው እንጂ ለጠዋት ፀሐይ አይደለም። ስስ ይሁን፤ ጠዋት ጠዋት ግለጡት፤ ወደ መዛወሪያው ሲቃረብ ጨርሳችሁ አንሱት።

እስካሁን የተመዘዘውስ ይጣል? ቲማቲም ከሆነ አትጣሉት። የቲማቲም ግንድ አፈር ሲነካው ሥር ያወጣል። ስትተክሉት ጠለቅ አድርጋችሁ፣ ግንዱን እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ድረስ አፈር አልብሱት፤ አመሻሽ ላይ ተክላችሁ ውኃ አጠጡት።