ተጨማሪ መረጃ፦ ኃይለኛ ጥይትና የሳሳ ብረት

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 ለ.38 ስፔሻል ጥይት በተለካ አካል ላይ .357 ማግነም የተባለ ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር ሠራ። ሪቮልቨር ጥይቶቹ በተሽከርካሪ ማኅደር ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ነው። ማግነም ሲተኮስ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 240 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ የ.38 ስፔሻል እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

ሽጉጡ ለመያዝ ቀላል ስለነበር ፖሊሶች ወደዱት። በኃይለኛ ጥይት ብዙ ከተተኮሰበት በኋላ ግን አንዳንዱ ይሰነጠቅ ጀመር። የት ይመስላችኋል? አረሩ ከማኅደሩ ወጥቶ ወደ አፈሙዙ በሚገባበት አንገት ላይ! የአንገቱ የታችኛው ጎን ለሌላ የሽጉጡ ክፍል ቦታ ለመልቀቅ ጠፍጣፋ ተደርጎ ስለተሞረደ ብረቱ እዚያ ላይ ይሳሳል። በተለይ 8 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ቀላልና ፈጣን አረሮች ይጎዱታል፤ ተከትሏቸው የሚወጣው የጋለ ጋዝ አንገቱን ይሸረሽረዋል።

አንድ ጊዜ በቀላሉ የሚቋቋመው ጫና ደጋግሞ ሲያርፍበት ብረት ውስጥ ጥቃቅን ስንጥቆች ተፈጥረው ያድጋሉ። ይህ የብረት ዝለት ይባላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካሉንና አንገቱን አወፍሮ ሌላ ሞዴል አወጣ፤ መያዣውን ግን እንደ ቀድሞው ተወው። ትክክለኛው መፍትሔም ይኸው ነበር፤ ብረት የተጨመረው በሳሳበት ቦታ ነው።

ሞክሩት፦ ሁለት እኩል ቀጫጭን ሽቦዎች ውሰዱ። አንዱን በትንሹ፣ ሌላውን በብዙ እያጠፋችሁ መልሱ። እያንዳንዱ ስንት ጊዜ ታጥፎ ተሰበረ? ከመሰበሩ በፊት የታጠፈበትን ቦታ በጣታችሁ ንኩት፤ ምን ተሰማችሁ?