«ኮች፣ ፕሮቲን ልጀምር?»

በአዳማ ጂሞች አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ሳምንት ለአሠልጣኙ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ስኳት ሲሠራ ጉልበቱን ወዴት እንደሚያደርግ ገና አልለመደም፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቶት ያነክሳል፤ ዓይኑ ግን ከጠረጴዛው ጀርባ የተደረደሩት ትልልቅ የፕላስቲክ ጣሳዎች ላይ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔም ነገሩ ያው ነው። አጠገቡ የሚሠራው ጓደኛው ደግሞ «ያለ እሱማ ዝም ብለህ ነው የምትለፋው» ይለዋል።

ጥናቶቹ የሚሉት ግን ተቃራኒውን ነው። ከጂም ሰው ሁሉ ጣሳው የማያስፈልገው ጀማሪው ነው።

ምክንያቱ ከነርቭ ይጀምራል። ባዶውን ብረት ይዞ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ በሁለት ወሩ ግራና ቀኝ ዲስክ ጨምሮ ይገፋል። ጡንቻው ግን በዚያው ልክ አልወፈረም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሞሪታኒ እና ዴቭሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች የጡንቻን የኤሌክትሪክ ምልክት እየለኩ እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጥንካሬ በአብዛኛው የነርቭ ሥራ ነው፤ አንጎል ተኝተው የነበሩ የጡንቻ ክሮችን በብዛትና በአንድነት ማዘዝ ይማራል። የጡንቻው መጠን መጨመር ጎልቶ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ልጁ በዚሁ ሰሞን ጣሳ ከገዛ፣ በላቡ ያመጣውን ለውጥ ለጣሳው ይሰጥና ሲያልቅ ሌላ ይገዛል።

ስለ ፕሮቲን ዱቄት ከተደረጉት ግምገማዎች በሰፊው የሚጠቀሰው በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሞርተን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ነው። 1,863 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 49 ጥናቶች አንድ ላይ መዘኑ። ክብደት እያነሱ ተጨማሪ ፕሮቲን የወሰዱት፣ ሳይወስዱ ካነሱት ይልቅ ያገኙት ብልጫ በአማካይ 300 ግራም ያህል ስብ ያልሆነ የሰውነት ክብደት ነበር። ለጀማሪ ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ይቀጥላል፤ ጥቅሙ ጎላ ብሎ የታየው ልምምድ በለመዱት ላይ እንጂ በአዲሶቹ ላይ አይደለም። ደግሞም በቀን ውስጥ የሚገባው ፕሮቲን በአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ከደረሰ በኋላ የተጨመረው ሁሉ ለጡንቻ ያን ያህል አልረባም።

65 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ይህ በቀን 104 ግራም ይሆናል። ሳህኑ ላይ ሲቆጠር ቁጥሩ አያስፈራም። ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ አንድ ዳቦ 8፣ ከ60 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 12፣ ከ80 ግራም ምስር የተሠራ ወጥ 19፣ በቀን ውስጥ የተበላ ሁለት እንጀራ 20፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 10። ድምሩ 103 ነው። ሥጋ አልገባበትም፤ ከባቱ ሐይቅ የሚወጣው ዓሣም አልተቆጠረም።

«የእህል ፕሮቲን ጡንቻ አይሠራም» የሚለው የጂም ወሬም ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ጤፍና ስንዴ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል፤ ምስር፣ ሽምብራና ቦሎቄ ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን ይጎድላቸዋል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በአዳማ አቅራቢያ፣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ እንደ «አዋሽ 1» ያሉ የቦሎቄ ዝርያዎችን አውጥቷል። ከስምጥ ሸለቆው ማሳዎች የሚሰበሰበው ነጭ ቦሎቄ ለውጭ አገር የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች ይላካል፤ በመቶ ግራሙ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የአዳማ ወጣት ግን ፕሮቲኑን በጣሳ ከውጭ ያስመጣል።

ጣሳው ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው? የዌይ ፕሮቲን መነሻው አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ነው። የምዕራባውያን አይብ ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ እንደ ቆሻሻ ይደፉት ወይም አሳማ ያጠጡት ነበር። በአጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ፣ ተጣርቶና ደርቆ ነው ዱቄት የሚሆነው። ቶሎ የሚፈጭ ጥሩ ፕሮቲን መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ምግብ ነው፤ በአንድ ማንኪያ የሚገኘው 24 ግራም ገደማ ከአራት እንቁላልም ይገኛል። «ማስ ጌይነር» የሚባለው የማወፈሪያ ዱቄት ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ማልቶዴክስትሪን የተባለ ከስታርች የሚሠራ ቶሎ የሚፈጭ ካርቦሃይድሬት ነው። ክብደት መጨመር ለቸገረው ቀጭን ልጅ በሶ በስኳርና በወተት ተበጥብጦ ያንኑ ጉልበት ይሰጠዋል። ከልምምድ በፊት የሚጠጡት ማነቃቂያዎችም ዋና ኃይላቸው ካፌይን ነው፤ እሱ ከቡናም ይገኛል።

ከማሟያዎቹ ሁሉ ማስረጃው የጠነከረው ክሪያቲን ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1832 ከሥጋ ውስጥ አገኘው፤ እንግሊዛዊው ሮጀር ሃሪስ እና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1992 ሰው ሲወስደው በጡንቻ ውስጥ ያለው ክምችት እንደሚጨምር አሳዩ። ለአጭርና ከባድ ሥራ የሚውለውን ጉልበት ቶሎ ለመተካት ይረዳል፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ተጨማሪ ድግግሞሽ ያስገኛል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ያህል አለው፤ ጥራጥሬ ግን የለውም። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች የጡንቻቸው ክምችት አነስ ያለ በመሆኑ ሲወስዱት ለውጡ ይጎላባቸዋል። ይህ ለኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው፤ የኦርቶዶክስ ጾመኛ ሁዳዴን ጨምሮ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ይታቀባል። በጾም ቀን ከላይ ከተቆጠረው ሳህን እንቁላሉና ወተቱ ሲወጡ 34 ግራም ይጎድላል፤ መቶ ግራም ቦሎቄ ሲገባበት ድምሩ ወደ 90 ግራም ይመለሳል፤ በኪሎ 1.4 ያህል ነው። ፕሮቲኑ በዚህ ይሞላል፤ ክሪያቲኑ ግን ከሳህኑ አይገኝም።

ክሪያቲን በጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው ጭማሪ በአብዛኛው ሥጋ አይደለም። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር መጀመር የለበትም፤ ጤነኛውም የደም ምርመራ ሲያደርግ እንደሚወስድ ቢናገር ይሻለዋል፤ የክሪያቲኒን ውጤቱ ኩላሊቱ ሳይታመም ከፍ ሊል ይችላልና።

የስምጥ ሸለቆ ሰው ከዱቄቱ በፊት የሚበጠብጥበትንም ውኃ ማየት ይኖርበታል። በሙቀት ላቡን የሚያፈስ ሰው ብዙ ይጠጣል፤ በዚህ ሸለቆ ያሉ በርካታ ጉድጓዶች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን የበለጠ ፍሎራይድ አላቸው። በወንጂ ስኳር እርሻ ለዓመታት እንዲህ ያለውን ውኃ የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን የጀርባ አጥንታቸውም ተጎድቷል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያከማቸዋል።

ትልቁ አደጋ ግን ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጀርመኑ ኮሎኝ ላቦራቶሪ ጥናት ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ማሟያዎችን መርምሮ በ94ቱ ውስጥ ያልተገለጹ የሆርሞን ውህዶች አግኝቷል፤ 14.8 ከመቶ ማለት ነው። ከአዳማ ሽቅብ፣ ከአሰላና ከበቆጂ ኃይሌ፣ ደራርቱና ቀነኒሳ የወጡበት አካባቢ ላለ ክለብ ፈላጊ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ በአትሌቱ ሰውነት ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው ራሱ አትሌቱ ነው፤ «ጣሳው ላይ አልተጻፈም» ማለት ነፃ አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ መሪ ሰባስቲያን ኮ የቁጥጥር ሥርዓታቸው እጅግ ያሳስባል ካሏቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ለውድድር የማይሄደውም ቢሆን ጉበት አለው። እንደ ዲያናቦል ያሉ ስቴሮይዶች ጉበትን ይጎዳሉ፤ የሰውነትን የራሱን የወንዴ ሆርሞን ምርት ያዳክማሉ። ዴክሳሜታሶን ያለበት የማወፈሪያ ኪኒን ፊትን ያሳብጣል፤ ጡንቻን ግን ያሟሟል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒትን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል፤ በሻንጣ የገባ ጣሳ ግን በዚያ በኩል አላለፈም። ዋጋውም ቢሆን በዶላር የታሰረ ነው፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ በአንድ ጣሳ ገንዘብ ስንት ትሪ እንቁላል እንደሚገዛ ማስላት ለማንም አይከብድም።

ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ የሚውል፣ ምሳውን በወጉ የማያገኝ ሰው ከልምምድ በኋላ አንድ ማንኪያ ዌይ ቢጠጣ ጥፋት የለውም፤ የሚገዛው ምቾት መሆኑን ይወቅ እንጂ። ሌላው ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በሳህኑ፣ በእንቅልፉና የሚያነሳውን ኪሎ በሚመዘግብበት ደብተር ማሳለፍ ይችላል። ጭማሪው ሲቆም ያኔ ክሪያቲን ሞኖሃይድሬትን ይሞክር፤ «ኢንፎርምድ ስፖርት» ወይም «ኤንኤስኤፍ» የሚል የገለልተኛ ምርመራ ምልክት ያለበትን ይምረጥ። ሲጀምርም የልምምድ ፕሮግራሙን በዚያው ሳምንት አይቀይር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጠ ደብተሩ ላይ የሚታየው ጭማሪ ከየትኛው እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም።