«የኦዲት መዝገብ» እና «ግልባጭ ማውጣት»፦ ስለ ሁለት የኮምፒዩተር ቃላት አሰያየም

በባንክ፣ በሆስፒታልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራበት ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ሰነድ ላይ ምን እንደ ፈጸመ በራሱ እየጻፈ የሚያኖርበት ክፍል አለው። እንግሊዝኛው ይህን «ኦዲት ሎግ» ይለዋል። ኦዲተር ወይም ተቆጣጣሪ አካል ማስረጃ ሲጠይቅ፣ የተጻፈው ከሶፍትዌሩ በፋይል መልክ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፤ ይህም ተግባር «ኤክስፖርት» ይባላል። ጉዳዩ የሕግ ተገዢነት ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የክፍያ ካርድ ኢንዱስትሪ የዳታ ደኅንነት መስፈርት እንዲህ ያለው ጽሑፍ ቢያንስ ለ12 ወራት እንዲጠበቅ፣ የቅርብ ጊዜው 3 ወርም ለምርመራ ዝግጁ ሆኖ እንዲገኝ ያዛል። በሶፍትዌር ትርጉሞች ውስጥ «ሎግ» «ምዝግብ ማስታወሻ»፣ «ኤክስፖርት» ደግሞ «ወደ ውጭ መላክ» እየተባሉ ይታያሉ። ሁለቱም ስያሜዎች ለማስረጃ ሥራ የማይበቁበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው።

«ሎግ» በእንግሊዝኛ ግንድ ማለት ነው። መርከበኞች የመርከብን ፍጥነት ለመለካት በገመድ የታሰረ እንጨት ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ ልኩ የሚጻፍበት ደብተር በእንጨቱ ስም ተጠራ፤ ኋላም ቃሉ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። እንግዲህ ተርጓሚው የሚሻው የደብተሩን አቻ ነው። «ማስታወሻ» ሰው ለራሱ የሚጽፈው፣ ሲሻውም የሚሰርዘው ነው። የኦዲት ሎግ ጠባይ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከመጨረሻው ይታከልበታል እንጂ የተጻፈው እንዳይፋቅና እንዳይደለዝ ሆኖ ይዘጋጃል። «መዝገብ» በግእዝ የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ማለት ነው፤ በአማርኛም የፍርድ ቤትና የሒሳብ ሥራ የቆመበት ቃል ስለ ሆነ የተጠባቂነትን ስሜት ይዟል። ስለዚህ ጠቅላላው «የኦዲት መዝገብ»፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ መስመር «ምዝግብ» ቢባል ይመረጣል። «ኦዲት» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ስምነት ጭምር የተለመደ በመሆኑ መለወጥ አያሻውም።

የ«ወደ ውጭ መላክ» ችግር ከዚህ ይከብዳል። ቃሉ የቡናና የቅባት እህል ንግድ ቃል ነው፤ የሚሰማውም ሰው የአገር ድንበር ያስባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታ ወደ ሌላ አገር ሲተላለፍ ሊሟሉ የሚገባቸውን ሁኔታዎች ደንግጓል። የኦዲት መዝገብም የሠራተኞችንና የደንበኞችን ስም ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ አንድ የውስጥ መመሪያ «የኦዲት መዝገብ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው» ቢል፣ የከለከለው ለኦዲተሩ ፋይል ማዘጋጀትን ነው ወይስ ባሕር ማዶ ማስተላለፍን? የመጀመሪያው ግዴታ፣ ሁለተኛው በሕግ የተገደበ ተግባር ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም። «ማውጣት» ብቻውን ቢቆምም አይበቃም፤ ከባንክ ገንዘብ ሲወጣ ሒሳቡ ይጐድላል፤ ከመዝገብ ግን የሚጐድል ነገር የለም።

ለዚህ ተግባር የተዘጋጀ ቃል በፍርድ ቤት ቋንቋ ይገኛል። ባለጉዳይ የመዝገብ ግልባጭ ሲያወጣ ዋናው ከመዝገብ ቤት አይነቃነቅም፤ እጁ የሚገባው ቅጂው ነው። ኤክስፖርትም ይኸው ነው። ፋይሉ ቅርፁን ለውጦ በሠንጠረዥ መልክ ይወጣልና «ግልባጭ» አይስማማውም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በእጅ የተጻፈ ውሳኔ በታይፕ ሲገለበጥም ቅርፁ ይለወጣል፤ ግልባጭ የሚያሰኘው የቃሉ አለመለወጥ ነው። በቀን ተወስኖ የሚወጣውን «ከፊል ግልባጭ» ማለት ይቻላል። በግልባጭ ላይ የሚያርፈው ማኅተም እንኳ በኮምፒዩተር አቻ አለው፤ ይኸውም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚገኝ፣ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አብሮ የሚለወጥ ቁጥር ነው። «ሃሽ» የሚባለውን ይህን ቁጥር «የፋይል አሻራ» ብንለው ተግባሩን ይገልጻል።

ከዚህ ለተርጓሚው አንድ ጥንቃቄ ይከተላል። መዝገቡ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት 11፡30 ያለው፣ በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል 14፡30፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡30 ነው። ሰዓቱን በግልባጩ ውስጥ መለወጥ አሻራውን ያፈርሳል፤ ትርጉሙና የሰዓቱ ማመሳከሪያ በተለየ አባሪ ይቅረቡ።

ለመዝገበ ቃላት የቀረቡት ስያሜዎች፦
1. የኦዲት መዝገብ፦ በሶፍትዌር ውስጥ የተፈጸሙ ድርጊቶች በቅደም ተከተል የሚጻፉበት፣ የማይፋቅ መዝገብ።
2. ምዝግብ፦ የአንድ ድርጊት ጽሑፍ በመዝገቡ ውስጥ።
3. ግልባጭ ማውጣት፦ ዋናው ሳይነካ የመዝገቡን ይዘት በፋይል ማዘጋጀት።
4. የፋይል አሻራ፦ ግልባጩ አለመለወጡ የሚመሳከርበት ቁጥር።

ስያሜዎቹ ተግባራቸውን የመለየት ኀይል እንዳላቸው በዚህ ዐረፍተ ነገር መፈተን ይቻላል፦ «ባንኩ ለኦዲተሩ የኦዲት መዝገቡን ግልባጭ ያወጣል፤ ወደ ውጭ አገር ግን አያስተላልፍም።»