ፈርን ከጥላ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ፈርን ጥላ ወዳድ ተክል መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባና በመሰል ደጋማ ከተሞች ግቢ ውስጥ የተተከለ ፈርን የሚጠወልገው ጥላ በማጣት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ዋነኛ ጠላቱ የበጋው ደረቅ አየርና የላይኛው አፈር ድርቀት በመሆኑ፣ የአያያዙ ብልኃት የሚፈተነው ሁሉም ነገር በሚለመልምበት በክረምት ሳይሆን ከጥቅምት በኋላ ባሉት ወራት ነው።

ምክንያቱ ከተክሉ አፈጣጠር ይጀምራል። ፈርን አበባም ፍሬም የሌለው ሲሆን፣ የሚራባው በዘር ሳይሆን ስፖር በሚባሉ እንደ ብናኝ የደቀቁ ሕዋሳት ነው። ስፖሩ እርጥብ መሬት ላይ ሲያርፍ ወዲያው ፈርን አይሆንም፤ መጀመሪያ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ብዙውን ጊዜ የልብ ቅርጽ ያለው ስስ አረንጓዴ አካል ያበቅላል፤ የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴዋ የሚደርሰውም በዚህ አካል ላይ በተኛው ቀጭን ውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ያደገው ተክልም ቢሆን ሥሩ ወደ ጥልቁ ስለማይወርድ፣ የአፈሩ ወለል ሲደርቅ ከታች ውሃ ፈልጎ የማምጣት አቅም የለውም። ናትናኤል ዋርድ የተባሉ የለንደን ሐኪም በ1829 እ.ኤ.አ. አንዲት የእሳት ራት ከሽፋኗ ስትወጣ ለማየት እርጥብ አፈር ባለበት የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ባስቀመጧት ጊዜ፣ በጭስ በታፈነው ግቢያቸው አልበቅል ብሎ ያስቸገራቸው ፈርን በጠርሙሱ ውስጥ ራሱን ችሎ በቀለ፤ ተክሎችን በመስታወት ሣጥን የማሳደግ ልማድም ከዚህ በኋላ ተስፋፋ።

የቦታ ምርጫ የፀሐይን አካሄድ ማወቅ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከመስከረም እስከ መጋቢት መጨረሻ ወደ ደቡብ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ደግሞ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በመሆኑም ከቤቱ በስተ ሰሜን ያለው የግድግዳ ጥግ በደረቁ ወራት ጥላ ያገኛል፤ ፀሐይዋ ወደ እርሱ ስትዞርም አብዛኛውን ጊዜ የክረምቱ ደመና ይጋርደዋል። አሳሳቢ ሆነው የሚቀሩት፣ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ዞራ ደመናው ገና ያልጠነከረባቸው ሚያዝያና ግንቦት ናቸውና፣ በእነዚህ ወራት መረብ ወይም ቁራጭ ሰሌን መወጠር ተገቢ ነው። የጣሪያው ክፈፍ ከላይ የሚሸፍነው ቦታ ከተገኘ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሉን እንዳያቃጥል ያግዛል። የባሕር ዛፍ ሥር ግን፣ ጥላ ቢኖረውም፣ ዛፉ ከአፈሩ ውሃውን ስለሚሻማ ለፈርን መጥፎ ቦታ ነው።

ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም የፈርንን ሥር ይጎዳሉ። ስለዚህ ከመትከል በፊት በደንብ የበሰበሰ ቅጠል ወይም ኮምፖስት፣ ውሃ እንዲያሳልፍም ጥቂት ሬዳሽ መቀላቀል ያስፈልጋል። ሲተከልም ራይዞም የሚባለው፣ ቅጠሎቹ የሚወጡበት ግንድ፣ ከአፈሩ ወለል ጋር እንዲተካከል እንጂ ጠልቆ እንዳይቀበር መጠንቀቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጉዝጓዝ ነው፤ ብዙ ሰው ጠርጎ የሚያቃጥለው የደረቀ ቅጠል በተክሉ ዙሪያ ቢነሰነስ እርጥበቱን ይይዛል፣ ውሎ አድሮም አፈሩን ይመግባል። ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨት የሚወደድ ልማድ ቢሆንም ጥቅሙ ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሥሩን ማርካትና ተክሎቹን አቀራርቦ መትከል ይሻላል። ዩሪያ በብዛት መጨመር ደግሞ ሥሩን ያቃጥላል።

በየግቢው በተለምዶ የሚታየው፣ ረጅም ማዕከላዊ ዘንግና ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጠባብ ክፋዮች ያሉት ፈርን ኔፍሮሌፒስ ይባላል። ያደገው ቅጠል ተገልብጦ ሲታይ፣ በእያንዳንዱ ክፋይ ጀርባ ላይ ቡናማ ነጥቦች በሁለት ረድፍ፣ እኩል እኩል ተራርቀው ይታያሉ። እነዚህ ሶረስ የሚባሉ የስፖር ከረጢት ክምችቶች ሲሆኑ፣ ተባይ መስለው የሚፋቁበት፣ አልፎም ፀረ ተባይ የሚረጭባቸው ጊዜ አለ። መለያው ግልጽ ነው፤ ሶረስ ሥርዓት ጠብቆ ይሰለፋል፣ ቅርፊታማው ተባይ ግን በዘፈቀደ ይበተናል፣ በግንዱም ላይ ይለጠፋል፣ በጥፍር ሲነካ ይነሳል፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽም ይተዋል። ፈርን ኃይለኛ መድኃኒት ስለማይችል፣ ተባይ ሆኖ ሲገኝ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

በየመንገዱ ዳር ችግኝ መሸጫ ፈርን ተብሎ የሚሸጠው ላባ መሰሉ አስፓራገስ ፈርን አይደለም፤ አበባና ፍሬ ያወጣል፣ ድርቀትንም ከፈርን በተሻለ ይታገሣል፤ በእርሱ አያያዝ እውነተኛውን ፈርን መያዝ ተክሉን ለድርቀት ማጋለጥ ነው።

ኔፍሮሌፒስን ለማባዛት ስፖር መዝራት አያስፈልግም፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ጉንጉኑን ከነሥሩ ከፋፍሎ መትከል ይበቃል። በከፋና በኢሉባቦር ደኖች፣ በጅረት ዳር የሚበቅለው ዛፍ መሰል ፈርን ግን ግንዱ የሚረዝመው በብዙ ዓመታት ነው፤ የእንስሳትና የዕፀዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይቴስ ስምምነት 2ኛ ዝርዝር ውስጥ ከተካተቱት ወገኖችም ይመደባል። ስለዚህ ለግቢ ማሳመሪያ ተብሎ ከደን የተነቀለ ፈርን ሲቀርብ አለመግዛት ይገባል።