ቁማርተኛው፣ ነጋዴውና የሰሊጡ ዋጋ

ጥቅምት ሲጋመስ መተከል ውስጥ የሰሊጥ ነዶ ይራገፋል፣ አኩሪ አተር ይወቃል፣ ለውዝ ይነቀላል። ኩንታሉን ጭኖ ቡለን ገበያ የወጣ ገበሬ ሚዛኑ ፊት ቆሞ የሚያወጣ የሚያወርደው ጉዳይ አለ። ዛሬ ልሽጥ ወይስ ልቆይ? ነጋዴው «አዲስ አበባ ዋጋው ወድቋል» የሚለኝ እውነቱን ነው ወይስ እጄን ሊጠመዝዝ? ያለኝን ሁሉ ልልቀቅለት ወይስ ግማሹን ጎተራ ላስቀር? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሒሳብ ለመፍታት ቀድመው የተነሱት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አይደሉም። በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ቁማር በእኛ ዘንድ ስሙ የከፋ ነው፤ የከፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ የዕድል ሒሳብ የተወለደው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፈረንሳውያኑ ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ ተጀምሮ በተቋረጠ ጨዋታ የተያዘው ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፋፈል በሚል ደብዳቤ ተጻጻፉ። ያ ስሌት ውሎ አድሮ ለመድን ድርጅቶች መሠረት ሆነ። በ1900 ደግሞ ሉዊ ባሽልዬ የተባለ ተማሪ ለዶክትሬት ማሟያው የፓሪስን የሰነድ ገበያ እንደ ዕድል ጨዋታ አድርጎ አሰላው። ዋጋ ይወጣል ብሎ የሚገዛም፣ ይወርዳል ብሎ የሚሸጥም በአማካይ የሚያገኙት ትርፍ ዜሮ ነው አለ። በጊዜው ብዙም ሰሚ አላገኘም፤ ዛሬ የፋይናንስ ሒሳብ አባት ይሉታል።

እንደ ዳይስ ያለ ንጹሕ የዕድል ጨዋታ ግን የሚደብቀው ነገር የለውም። ፖከር የተባለው የካርታ ጨዋታ ይደብቃል። አንተ የያዝከውን እኔ አላይም፣ እኔ የያዝኩትን አንተ አታይም፤ የምናየው አንዳችን የሌላችንን ውርርድ ብቻ ነው። ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን በ1928 ባሳተመው ጥናት፣ በኋላም በ1944 ከኢኮኖሚስቱ ኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ባወጣው ወፍራም መጽሐፍ ፖከርን የመረመረው ለዚህ ነው። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ ከዚያ ጀመረ።

የፎን ኖይማንን ግኝት በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ 100 ብር አለ እንበል። አንደኛው ተጫዋች የያዘው ወይ አሸናፊ ካርታ ነው፣ ወይ ባዶ፤ ዕድሉ እኩል በእኩል። ይህ ሰው 100 ብር ጨምሮ «ትገጥመኛለህ?» ይላል። ባላጋራው ከሸሸ የተቀመጠው 100 ብር ይሄድበታል፤ ከገጠመ እሱም 100 ብር አስይዞ ካርታው ይገለጣል። እንግዲህ ጨማሪው ጥሩ ሲይዝ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ባላጋራው ይነቃበትና ሁልጊዜ ይሸሸዋል። በባዶም በሙሉም የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ይገጥመዋል። ሒሳቡ የሚሰጠው መልስ፣ ጥሩ ሲይዝ ሁሌም ይጨምር፣ ባዶ ሲይዝ ግን ከሁለት አንዴ ብቻ የሚል ነው። ያን ጊዜ ሦስት ጊዜ ቢጨምር አንዱ ማስፈራሪያ ነው። ባላጋራው ሦስቱንም ቢገጥም ሁለቴ ተሸንፎ 200 ብር ያጣል፣ አንዴ አሸንፎ 200 ብር ያገኛል፤ ቢገጥምም ቢሸሽም ለውጥ የለውም። በባዶ ማስፈራራት እንግዲህ የጨዋታው ስሌት የሚጠይቀው ነገር እንጂ የጠባይ ጉድለት ብቻ አይደለም። «አዲስ አበባ ወድቋል» የሚለውም ነጋዴ ሁልጊዜ ቢዋሽ የሚያምነው አያገኝም፤ አንዳንዴ ብቻ ሲዋሽ ነው የሚጠቅመው።

ፖከርና ዘመናዊው የምርት ገበያ በታሪክም ጎረቤት ናቸው። ፖከር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከኒው ኦርሊንስ ተነስቶ በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ወደ ሰሜን ወጣ። የቺካጎ የእህል ገበያ በ1848 ተቋቋመ፤ በ1865 ደግሞ ገና ወደፊት ለሚረከቡት እህል ወጥ የሆነ ውል ደነገገ። ራሱም ፖከር ተጫዋችና የፋይናንስ ባለሙያ የሆነው አሮን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን አንድ ችግር እንደወለዳቸው ይከራከራል፤ ባንክ በሌለበት አዲስ አገር ገንዘብን ከእጅ ወደ እጅ ማንቀሳቀሻ ነበሩ ይላል። ለእኔ ይህ ከማስረጃ ይልቅ ወደ ግምት ያዘነብላል። ባንክ በራቀበት የእኛ ገጠር ያንን ሥራ የሠራው ቁማር ሳይሆን ዕቁብ ነው፤ ዕጣም ወጥቶበት ማንም አይከስርም። የኋለኛው ዘመን ዝምድና ግን አያጠያይቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በፖከር ወዳጆች የተመሠረተው ሳስኩሃና የተባለ የአሜሪካ የግብይት ድርጅት አዳዲስ ሠራተኞቹን ፖከር እያጫወተ ያሠለጥናል።

ከሁሉም ለቡለን ገበሬ የሚቀርበው የጆን ኬሊ ቀመር ነው። ኬሊ በቤል የስልክ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሳይንቲስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ ቁማርተኛ የአንድ ውድድር ውጤት ከሌሎች ቀድሞ በማያስተማምን መስመር ቢሰማ ከገንዘቡ ስንት ሊያስይዝ ይገባል ብሎ ጠየቀ። መልሱ እንዲህ ነው፦ ከመቶ 60 ጊዜ የሚቀናውና ባስያዘው ልክ የሚያተርፍ ሰው በየጊዜው ካለው ሀብት 20 በመቶ ያስይዝ፤ ከ100,000 ብር 20,000 ማለት ነው። ወደ 40 በመቶ ካስጠጋና ካለፈ ግን፣ እየቀናውም ቢሆን፣ ሀብቱ በረጅም ጊዜ ይመናመናል። ብልጫ ለሌለው ሰው ደግሞ የቀመሩ መልስ ዜሮ ነው፤ በየመንደሩ የተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ደንበኞች ይህችን መልስ ቢያውቋት መልካም ነበር። ገበያ እንደ ካርታ ቁርጥ ያለ 60 በመቶ አይሰጥም፤ ሆኖም ሰብሉን በሙሉ በአንድ ቀን ዋጋ የሚሸጥና በየሳምንቱ ከፍሎ የሚሸጥ ገበሬ ለአንድ ዓይነት አደጋ አልተጋለጡም።

የኬሊ ቁማርተኛ ሀብት የሚያድግበት ፍጥነት መስመሩ በሚያቀብለው መረጃ ልክ ነው። ስልክ ብርቅ በነበረበት ዘመን የአዲስ አበባን ዋጋ ቀድሞ የሚሰማው ነጋዴም እንዲህ ያለ መስመር ነበረው። ስለ እህል ደላሎች ባጠናችው በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ካርታውን ገለጠ። ሰሊጡ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ዋጋው በይፋ ይነገራል፣ ክፍያው በማግስቱ ይፈጸማል። መጀመሪያ ላይ ገዥና ሻጭ በጩኸት ተጫርተው መዳፍ ለመዳፍ በማጋጨት ይዋዋሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ።

በፖከርና በምርት ገበያ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ፖከር የሌለ አደጋ ፈጥሮ ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዞራል። የቡለን ገበሬ አደጋ ግን ገበያ ኖረም አልኖረም አለ፤ ዝናቡ ይዘገያል፣ ዋጋው ይወርዳል። በክረምት ገንዘብ ወስዶ በመኸር በእህል የሚከፍለው ሰው ያን አደጋ ለነጋዴው ያሻገረው ሰብሉን በርካሽ ሸጦ ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠው ችግሩ በበረታበት ወር ነውና።

አሁን ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲመረቅ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆነ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ሒሳቡንና ስጋቱን የሚዘረዝር የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ማውጣት በሕግ ግዴታው ነው። አክሲዮን ግዙ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ይህን መግለጫ ጠይቁት፤ ካላሳያችሁ አትግዙ።